ከብሽሽት ወደ ብብት፦ ያበጠ ክንድና ያበጠ እግር

የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላት ሴት ብዙ ጊዜ ከጡቷ ጋር የብብቷ የሊምፍ እጢዎችም አብረው ይወጣሉ። ካንሰሩ ሲዛመት መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ስለሆነ ሐኪሙ አይፈረድበትም። ጣጣው የሚመጣው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው። ቀለበቷ ይጠብቃታል፤ የልብሷ እጅጌ አልገባ ይላል፤ ማታ ማታ ክንዷ ይከብዳታል። በሰውነት ውስጥ የተረፈውን ውኃና ፕሮቲን ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልሰው የሊምፍ መስመር ብብት ላይ ተቆርጧልና ፈሳሹ መውጫ አጥቶ እዚያው ይተኛል። ሲቆይ በቦታው ስብና ጠባሳ ይፈጠራል፤ ያኔ በጣት ቢጫኑትም አይሰረጉድም።

ቀዶ ሐኪሞች ከዚህ እብጠት ጋር መታገል ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በሰር ሃቭሎክ ቻርልስ ስም የሚጠራው የድሮው ዘዴ ያበጠውን የእግር ቆዳና ስብ ልጦ ያወጣና ቦታውን ከሌላ አካል በመጣ ቆዳ ይሸፍናል። እግሩ ይቀጥናል፤ የፈሳሹ መንገድ ግን እንደተዘጋ ነው። መልኩንማ ባናነሳው ይሻላል።

ፈረንሳዊቷ ቀዶ ሐኪም ኮሪን ቤከር የያዙት መንገድ ሌላ ነው፤ የጎደለውን እጢ መልሶ መትከል። ከብሽሽት አካባቢ ጥቂት እጢዎች ከነስባቸው፣ ከነደም ቅዳቸውና ከነደም መልሳቸው ይነቀላሉ። ብብቱ ተከፍቶ የቀድሞው ጠባሳ ይለቀማል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር፣ ከፀጉር በሚቀጥን ክር፣ ስፋታቸው ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ የደም ቧንቧዎች ጫፍ ለጫፍ ይሰፋሉ። የሊምፍ ቧንቧዎቹን ግን የሚሰፋቸው የለም። ደም ያገኘው እጢ አዲስ የሊምፍ ቧንቧ እንዲበቅል የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ራሱም ፈሳሹን እየሳበ በደም መልሱ በኩል ያሳልፋል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ውጤቱ ወራት ይፈልጋል።

ቤከርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በላይ ከተከታተሏቸው 24 ሴቶች መካከል የ10ሩ ክንድ ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ፤ የ12ቱ ቀነሰ፤ የሁለቱ ምንም አልተለወጠም። ያጓጓል። ግን 24 ሴቶች ብቻ ናቸው፤ የሚነጻጸሩበት ሌላ ቡድንም አልነበረም። በዚያ ላይ ከብሽሽት እጢ የተነቀለበት እግር በተራው ሊያብጥ ይችላል፤ ክንድ አድኖ እግር ማሳመም! ዛሬ ይህን ለመከላከል የእግሩ እጢዎች የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድሞ በመከታተያ ንጥረ ነገር ይለያሉ፤ ወይም እጢው ከአገጭ ሥር፣ አሊያም ከሆድ ሞራ ይወሰዳል።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ግን እብጠት ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው እግርን ነው፤ ዝሆኔን። የታማሚዎቹ ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን ይገመታል። መነሻው ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ቀይ አፈር ነው። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ደቃቅ ማዕድኑ በቆዳው ዘልቆ የሊምፍ ቧንቧውን ያቆስላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ያጠኑት ብሪታኒያዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የአፈሩን ማዕድን በታማሚዎች የሊምፍ እጢ ውስጥ ሳይቀር አግኝተውታል። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 አንዳንድ የበሽታ መከላከያ ዘረ መል ዓይነቶች ለዝሆኔ እንደሚያጋልጡ አሳዩ። በሽታው በአንድ ቤተሰብ የሚደጋገመው ለዚህ ነው። እርግማን አይደለም፤ ያንን ዘር የወረሰም አፈሩን ካልረገጠ አይታመምም። ስንት ልጃገረድ ግን በእናቷ እግር ምክንያት ትዳር ቀርቶባታል!

እንግዲህ እጢ ተከላው ለዝሆኔ ይሆናል ወይ? አዲስ እጢ የተተከለበት እግር ነገ ያንኑ አፈር በባዶው ከረገጠ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ለአብዛኛው ታማሚ የሚሠራው ሕክምና ሳፋ ላይ ይጀምራል። ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ እግርን መዘፍዘፍ፣ በሳሙና ማጠብ፣ የጣቶቹን መሐል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ ማሰር፣ ከዚያ ካልሲና ጫማ። ጫማውም ገበያ ላይ አይገኝም፤ ለእግሩ ተለክቶ መሰፋት አለበት። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ በዚህ እንክብካቤ እግሩን የሚያግለውና ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም በአንድ አምስተኛ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። አንድ አምስተኛ ትንሽ የሚመስለው በየወሩ ታሞ ለማያውቅ ሰው ነው።

ይህ ማለት ማይክሮስኮፑ አያስፈልገንም ማለት አይደለም። የካንሰር ሕክምና በተስፋፋ ቁጥር ክንዳቸው የሚያብጥ ሴቶችም ይበዛሉ። እጢ ተከላው ደግሞ የሚረዳው እብጠቱ ሳይደነድን በጊዜ ሲደረስበት ነው፤ ለእነሱ የሚሆኑ ሐኪሞች ከአሁኑ መሠልጠን አለባቸው። ለዝሆኔ ግን ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ልክ የሆነ ጫማ በየጤና ጣቢያው ሳይገኝ ስለ እጢ ተከላ ማውራት ቅደም ተከተሉን ማፋለስ ነው።