የጋቢናው ቀበቶ እንዴት ይሠራል? በእሽቅድምድም ቀበቶስ ለምን አይቀየርም?

ሰቆጣ መናኸሪያ ገብተው ጋቢና ከደረስዎት፣ ረዳቱ ፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ አስሮ እስኪጨርስ ጊዜ አለዎት። በትከሻዎ በኩል የተንጠለጠለውን ቀበቶ ይያዙና በዝግታ ይሳቡት። ይለቀቃል። አሁን ደግሞ በድንገት ነጨቅ ያድርጉት። ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ በጉልበትም አይመጣም። መለስ አድርገው እንደገና በዝግታ ሲስቡት ምንም እንዳልተፈጠረ ይመጣል።

ብዙ ሰው ይሄኔ “ተበላሽቷል” ብሎ ይተወዋል። አልተበላሸም። እየሠራ ነው።

በሩ አጠገብ ባለው ምሰሶ ውስጥ ቀበቶው የሚጠቀለልበት እንዝርት አለ። ትርፉን የሚሰበስበው ሞላ ነው። ከእንዝርቱ ጎን ጥርስ ያለው ጎማ፣ ጎማውንም የሚጠብቁ ሁለት ዘበኞች አሉ። አንደኛው የቀበቶውን ፍጥነት ያያል፤ እንዝርቱ ቶሎ ሲዞር ትንሽ ብረት ወደ ውጭ ተወርውራ ጥርሱን ትነክሳለች። ሲነጭቁት የያዘው እሱ ነው።

ሁለተኛው ዘበኛ የሚያየው ቀበቶውን ሳይሆን መኪናውን ነው። ይህን ቤትዎ ሆነው መሞከር ይችላሉ። የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ የልጆች ብይ ያስቀምጡ፤ ብይ ከጠፋ ሽምብራም ይሆናል። ማስቀመጫውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያሉ ይግፉት። ብይዋ መሐል ላይ ትቆያለች። ፈጠን ብለው እየገፉ በድንገት ቀጥ ያድርጉት። ብይዋ ጠርዙን ትወጣለች።

በብዙ መኪኖች ቀበቶ ውስጥ ያለው ይኸው ነው፦ በጎድጓዳ ላይ የተቀመጠች የብረት ብይ። ፍሬን ሲያዝ ወይም መኪናው ሲጋጭ ብይዋ ጠርዙን ትወጣና በላይዋ ያለችውን ምላስ ታነሳለች፤ ምላሷም ጥርሱን ትይዛለች። ባትሪ የለ፣ ኮምፒዩተር የለ።

አገራችን ዳገት ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። መኪናው በጣም አዘንብሎ ከቆመ ቀበቶው በዝግታ ቢስቡትም እምቢ ሊል ይችላል፤ ብይዋ ተንከባላ ጠርዝ ላይ ናትና። የአውሮፓ ደረጃ መጠቅለያው እስከ 12 ዲግሪ ቢዘነብል እንዳይቆልፍ፣ ከ27 ዲግሪ ካለፈ ግን የግድ እንዲቆልፍ ያዝዛል። ሹፌሩ ሜዳ ቦታ ሲደርስ ይሞክሩት፤ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ሲቆም፣ ያልታሰረ ተሳፋሪ ክሩስኮቱን የሚያገኘው ከ10 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት በሚደርስበት ፍጥነት ነው።

ዋናው ነገር በምን ያህል ርቀት ውስጥ እንደሚቆሙ ነው። የመኪናው አፍንጫ እየተጨማደደ፣ ቀበቶውም በጥቂቱ እየተለጠጠ በግማሽ ሜትር ካቆመዎት፣ 60 ኪሎ በሚመዝን ሰው ላይ የሚያርፈው ጫና 12 ኩንታል ገደማ ነው። ክሩስኮቱ በ5 ሳንቲ ሜትር ካቆመዎት 120 ኩንታል ይሆናል። እናት ጭኗ ላይ የያዘችው የ10 ኪሎ ሕፃን በዚያች ቅጽበት፣ በተሻለው አቋቋም እንኳ፣ ሁለት ኩንታል ይከብዳታል። በክንድ የሚያዝ አይደለም።

ሦስት ቦታ የሚይዘውን ቀበቶ በ1959 እ.ኤ.አ. ለቮልቮ የሠራው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን ነው። ከዚያ በፊት ሥራው አብራሪን ከጦር አውሮፕላን አስፈንጥሮ የሚያወጣ ወንበር መሥራት ነበር። ቮልቮ የፈጠራውን መብት ይዞ አልነገደበትም፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲሠሩት ፈቀደ። ብልሃቱ ጫናውን በጠንካራ አጥንት ላይ ማሳረፉ ነው፦ በዳሌ፣ በደረትና በትከሻ አጥንት። ስለዚህ የታችኛው ክፍል ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ ላይ ዝቅ ይበል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ከሆድዎ በታች ይለፍ።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ እንምጣ። በስልካቸው የመኪና እሽቅድምድም ያያሉ፤ “አራትና ስድስት ቦታ የሚያስረው የተወዳዳሪዎች ቀበቶ አይሻልም? ሮል ባር የሚሉትንስ የብረት ቱቦ ከሹፌሩ ጀርባ ብናስበይድ?” ይላሉ። ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ ወይም በአስከተማ በኩል ወደ ላሊበላ የሚወስደውን ጠመዝማዛ መንገድ ላየ ሰው ጥያቄው የቅብጠት አይደለም።

ችግሩ የእሽቅድምድሙ ቀበቶ መልቀቅ አለማወቁ ነው። ከወንበሩ ጋር ሰፍቶ ያስቀምጥዎታል። መኪናው ተገልብጦ ጣሪያው ሲደረመስ፣ የተለመደው ቀበቶ ለገላ ወደ ጎን ጎንበስ የሚልበት ፋታ ይተዋል፤ ያኛው ግን ጭንቅላትን ቀጥ አድርጎ ለጣሪያው ያቀርባል። ስለዚህ ጣሪያውን የሚሸከም ሮል ባር ያስፈልገዋል። ሮል ባሩ ደግሞ ጭንቅላት አጠገብ ያለ ብረት ነው፤ ስለዚህ ሄልሜት ይፈልጋል። ሄልሜቱ ክብደት አለው፤ ትከሻ ታስሮ ጭንቅላት ወደፊት ሲወረወር አንገት እንዳይቆረጥ ሌላ ማሰሪያ ይመጣል። አንዱ ሌላውን እየጠራ ይሄዳል።

አተካከሉም ቀልድ አይደለም። የትከሻው ማሰሪያ ወደ ኋላ ለጥ ብሎ ካልሄደና ከወንበሩ ጀርባ ወለል ላይ በቡሎን ከታሰረ፣ በግጭት ጊዜ አከርካሪን ወደ ታች ይጨፈልቃል። በጭን መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ከሌለ የትከሻው ክፍል የዳሌውን ወደ ሆድ ይጎትተዋል። ቱቦውም ስስ ላሜራ ላይ ከተበየደ ወለሉን ቀዶ ይወጣል፤ ከእግሩ ሥር ጫናውን የሚያሰፋ ወፍራም ሰሌዳ ይፈልጋል። ለመስኮትና ለበር የሚገዛው ቱቦላሬ ለዚህ አይሆንም።

ፒክአፕ ጀርባ ላይ የሚያብረቀርቀው ቱቦስ? አብዛኛው ጌጥ ነው። በጥቂት ቡሎን የጭነቱ ሳጥን ላሜራ ላይ የተያዘ ነውና መኪና ተገልብጦ ይሸከመዋል ተብሎ አይታመንም። እሱን ይዘው ቆመው የሚሳፈሩ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

እውነተኛውን መከላከያ ማየት ከፈለጉ ትራክተር ይፈልጉ። ከሹፌሩ ጀርባ ቅስት ብረት ያለው ከሆነ እሱ ነው። ስዊድን አዳዲስ ትራክተሮች ይህ ብረት እንዲኖራቸው በሕግ ያስገደደችው በዚያው በ1959 ነበር። በትራክተር የሚሠራበት ደንብም ለጥያቄያችን መልስ ይሰጣል፦ ብረቱ ከቆመ ቀበቶ ይታሰር፤ ብረቱ ከታጠፈ ወይም ከሌለ አይታሰር።

ለእኛ መኪና ግን ፋብሪካው የሠራው ይበቃል፣ ከተጠቀምንበት። መቆለፊያው ከወንበር ልብሱ ሥር ተቀብሮ ከሆነ ያውጡት። ጋቢ ከለበሱ ቀበቶውን ከሥሩ አሳልፈው ገላዎ ላይ ያጥብቁት፤ ጋቢውን በላዩ ይደርቡ። ትራፊክ ሲታይ ደረት ላይ ጣል የሚደረግ ቀበቶ ሥራ የለውም። ከባድ ግጭት ያየ ቀበቶ ደግሞ አንዴ ተለጥጧል፤ ቢሰፉትም አይመለስም። ያስቀይሩት።