አምስት ቀን በጓንዡ፦ ጉዞው የሚጀምረው ጎብዬ ላይ ነው

በኛ ሰፈር «ባሕር ተሻገረ» የተባለ ወጣት በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ የገባ ነው። መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፤ አንዳንዴ መድረሱም አይታወቅም። ስለዚህ አጎቴ ጎብዬ ላይ ቡና እየተጠጣ «ቻይና ሄጄ በሳምንቴ እመለሳለሁ» ሲል ያመነው ሰው አልነበረም።

እሱ ግን የምሩን ነበር። ቆቦ ላይ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫና የኬሚካል መርጫ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችው። በራያ ቆቦ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ፓምፑ በአንዲት ጎሚኒ ምክንያት ከቆመ፣ ዓይኑ እያየ ሰብሉ ይጠወልጋል። ያቺ ጎሚኒ ደግሞ ቆቦ እስክትደርስ ስንት ነጋዴ እጅ ታልፋለች፤ ሁሉም የራሱን ይጨምርባታል። «ለምን ምንጯ ድረስ አልሄድም?» አለ። በጦርነቱ ባዶዋን የቀረችውን ሱቅ መልሶ ከሞላ በኋላ የደረሰውን ዕቁብ ይዞ፣ «እንግሊዝኛ ትችላለህ» ብሎ እኔን አስከትሎ ተነሣ።

አምስት ቀን ነበረን። ኢኮኖሚክስ መማሬ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ቲኬቱ፣ ቪዛውና ሆቴሉ አንዴ ተከፍሏል፤ አምስቱን ቀን ብንሠራበትም ብንተኛበትም ወጪው ያው ነው። ውዱ ነገር ሰዓት ነው ማለት ነው። እኛ ደግሞ አንድ ቀን ተኩል ያቃጠልነው ጎብዬ ላይ ቁጭ ብለን ልንጨርሳቸው በምንችላቸው ነገሮች ነው። እናንተ እንዳታቃጥሉ ልንገራችሁ።

ቀኑን ስትመርጡ

ጓንዡ በ2020ው (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የተቆጠረባት የደቡብ ቻይና የንግድ ከተማ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ ዛሬ ከቦሌ ጓንዡ በቀጥታ ይበራል። ካንቶን ፌር የሚባለው ትልቁ የንግድ ትርዒት ከ1957 ጀምሮ እዚያው ይካሄዳል፤ አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ሚያዝያና ጥቅምት አጋማሽ ይከፈታል። ሦስት ዙር ስላለው የእናንተ ዕቃ በየትኛው ዙር እንደሚቀርብ አጣሩ። ማሽነሪና የእጅ መሣሪያ በመጀመሪያው ዙር ነው፤ ልብስና ጫማ በመጨረሻው።

ሁለት ጊዜ አትሂዱ። አንደኛው የቻይና አዲስ ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ ጥርና የካቲት መካከል ይውላል፤ ፋብሪካውም ሱቁም ይዘጋል፣ ሠራተኛው አገሩ ይገባል። ሁለተኛው የፈረንጆቹ ጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት ነው፤ ብሔራዊ በዓላቸው ነው። በትርዒቱ ሰሞን ደግሞ የሆቴል ዋጋ ስለሚወጣ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ኢትዮጵያዊ ቪዛ ያስፈልገዋል። ለንግድ ከሆነ ከቻይና በኩል የግብዣ ደብዳቤ ይጠየቃል። ይህን በጉዞው ዋዜማ የምትሯሯጡበት ጉዳይ አታድርጉት።

ስልካችሁ ኪሳችሁ ነው

ጓንዡ ውስጥ ሰው ሁሉ በስልክ ነው የሚከፍለው፤ የሻይ ሂሳብም፣ የባቡርም፣ የጅምላ ዕቃም። ያለ አሊፔይ ወይም ያለ ዊቻት ገበያ መውጣት ያለ ኪስ እንደ መውጣት ነው። ጥሬ ገንዘብ በሕግ አይከለከልም፣ ግን መልስ ፈልጎ የሚያመጣላችሁ ሰው መጠበቅ አለባችሁ።

እኛ «እዚያው ደርሰን እናወርደዋለን» ብለን ሄድን። ደረስን። አሊፔይን ለመክፈት የማረጋገጫ ቁጥር በኤስኤምኤስ ይላካል፤ የኛ ሲም ሮሚንግ ስላልተከፈተለት ቁጥሩ አልመጣም። ጉግል ፈልገን እንዳንጠይቅ በቻይና ኔትወርክ ጉግል አይከፈትም። ቤት እንዳንደውል ቴሌግራምም፣ ዋትስአፕም፣ ፌስቡክም ዝግ ናቸው። ያ ሙሉ ቀን በሆቴሉ ሎቢ አለቀ። አጎቴ «አብሽር» እያለ ያጽናናኝ ነበር፤ ገንዘቡ የሱ፣ ማጽናናቱም የሱ።

ስለዚህ እዚሁ ሳላችሁ፦ አሊፔይን አውርዱ፣ ፓስፖርታችሁን አስመዝግቡ፣ ከባንካችሁ ለውጭ ጉዞ የሚሰጠውን ቪዛ ወይም ማስተርካርድ አገናኙ። በውጭ ካርድ ስትከፍሉ እስከ 200 ዩዋን ያለው ክፍያ ኮሚሽን የለውም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ 3 በመቶ ይቆረጣል። ሮሚንግ አስከፍቱ፣ ዋጋውን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የቻይንኛ መተርጎሚያ ስልካችሁ ላይ ይኑር። ቤተሰብም ዊቻት ያውርድ፤ አለበለዚያ እናታችሁ አምስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አይወስዳትም። ቻይና ከኛ በ5 ሰዓት እንደምትቀድም ንገሯት፤ ሌሊት እንዳትቀሰቅሳችሁ።

ስትገቡና ስትንቀሳቀሱ

የሆቴሉን ስምና አድራሻ በቻይንኛ ፊደል አሳትማችሁ ያዙ። እኛ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ይዘን ነበር፤ ባለታክሲው አገላብጦ አየውና መለሰልን። የቀረው ግማሽ ቀን የሄደው እንዲህ ባለ ነገር ነው።

ከኤርፖርት ወደ ከተማ ሜትሮ አለ፣ 3 ቁጥር መስመር ነው። የሜትሮ ዋጋ ከ2 ዩዋን ይጀምራል፤ እንደ ርቀቱ ይጨምራል። የጣቢያው ስም በላቲን ፊደልም ስለተጻፈ አትጠፉም። መግቢያው ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ማታ ስለሚዘጋ የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ጠይቁ።

ፓስፖርት ከእጃችሁ አይለይ። የውጭ ሰው በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ያረፈበትን ቦታ ማስመዝገብ አለበት። ሆቴል ከሆነ ሆቴሉ ይመዘግባችኋል፤ ዘመድ ቤት ካረፋችሁ ግን ፖሊስ ጣቢያ መሄድ የናንተ ሥራ ነው። ከቪዛ ቀን ማለፍ በቀን 500 ዩዋን ያስቀጣል፣ እስከ 10,000 ይደርሳል፤ እስርም ሊኖረው ይችላል። ችግር ከገጠማችሁ ኢትዮጵያ እዚያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አላት፤ አድራሻውን ከመነሣታችሁ በፊት ጻፉ።

እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ፣ ሙቀት ምን ያረገኛል ብዬ ነበር። የጓንዡ ሙቀት እርጥበት አለው፤ በጥቅምት እንኳ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። ስስ ልብስና የለመደ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀኑን ሙሉ በእግር ነው።

ሆድና ጸሎት

አጎቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዞ ነበር፤ ስቄበት የነበርኩት እኔ በሦስተኛው ቀን ግማሹን ጨረስኩት። ለሚጾም ሰው ችግሩ አትክልት ማጣት አይደለም፤ አትክልቱ በሥጋ መረቅ ሊሠራ መቻሉ ነው። «ሥጋ አልበላም» የሚለውን በቻይንኛ አስጽፋችሁ ያዙ። ሙስሊም ከሆናችሁ የቻይና ሙስሊሞች የሚከፍቷቸው የኑድል ቤቶች ብዙ ናቸው፤ «ሐላል» የሚለውን ምልክት እዩ። አፍሪካውያን ነጋዴዎች የሚበዙበት ሺያኦቤይ የሚባለው ሰፈርም በ5 ቁጥር ሜትሮ ይደረሳል።

ሰዓት ከተረፋችሁ በሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ስም የሚታወቀውን መቃብርና መስጊድ እዩ። በቻይና ሙስሊሞች ትውፊት ሰዕድ እስልምናን ይዞ ወደ ቻይና የተሻገረው ከሐበሻ ምድር ተነሥቶ ነው። መንገዱ ከኛ በፊት ተሄዶበታል።

ገበያው ላይ

ትርዒቱ ፓዡ በሚባለው ሰፈር ነው፤ በ8 ቁጥር ሜትሮ ይደረሳል። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ የሚያወሩት በኮንቴይነር ነው። ለትንሽ ነጋዴ ትርዒቱ ዋጋ የሚያውቅበትና የንግድ ካርድ የሚሰበስብበት ቦታ ነው፤ ግዢው በከተማው የጅምላ ገበያዎች ይቀናል። ልብስ ከሆነ ዋናው የባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ ጨርቅ ከሆነ ዞንግዳ ነው። ከመደራደራችሁ በፊት «ትንሹ ትእዛዝ ስንት ነው?» በሉ። ሃምሳ የፈለገ ሰው አምስት ሺህ ከሚሉት ጋር ሰዓት አይጨርስ።

ክርክሩ በካልኩሌተር ነው፤ እሷ ትጽፋለች፣ እናንተ አጥፍታችሁ ትጽፋላችሁ። «ዱዎ ሻዎ ጪየን?» ማለት «ስንት ነው?» ነው። «ታይ ጉይ ለ» ማለት «ተወደደ»።

ትርፍ ስታሰሉ የዕቃውን ዋጋ ብቻ አትያዙ። የመርከቡን፣ የጅቡቲውን፣ የቀረጡን፣ የናንተንም አምስት ቀን ደምሩበት። የተለመደው አከፋፈል 30 በመቶ ቀብድ፣ 70 በመቶ ዕቃው ሳይጫን ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር በቀብዱና በቀሪው መካከል ምንዛሬው ሊንቀሳቀስ ይችላል። ቀሪውን በምን መንገድ እንደምትከፍሉ ባንካችሁን ሳትጠይቁ ቀብድ አትስጡ።

የተቃጠልንበት

አጎቴ ከጎብዬ ሲነሣ አንዲት አሮጌ ጎሚኒ ኪሱ ከቶ ነበር። የቱቦ ማገናኛውን ግን ተወው። «አብሽር፣ ዓይኔ ያውቀዋል» አለኝ።

ጎሚኒዋን እያሳየ አዘዘ፤ ልክክ ብላ መጣች፣ ሱቋን ያቆመችው እሷ ናት። ማገናኛውን በዓይኑ መርጦ 400 አዘዘ። እኔ ደግሞ ካርቶኑን ፎቶ አነሣሁ እንጂ ዕቃውን በማስመሪያ አልለካሁም፣ ልኩንም ደረሰኙ ላይ አላስጻፍኩም። ከወራት በኋላ ዕቃው ቆቦ ሲደርስ ጥርሱ ከገበሬው ፓምፕ ጋር አይገጥምም። በጥቂት ሚሊ ሜትር። ለሻጩ በዊቻት ጻፍኩለት፤ ያዘዛችሁትን ነው የላክሁት አለ። እውነቱን ነው።

አራት መቶው ማገናኛ ዛሬም መደርደሪያው ላይ ነው። ገንዘቡ የዕቁብ ነበር፤ ዕቁቡ ደግሞ ገና ሲጣል ነበር።

አሁን ሱቁ ብትሄዱ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ታያላችሁ። ገበሬ መጥቶ ዕቃ ሲለውጥ አጎቴ አሮጌውን አይጥለውም፤ የፓምፑን ስም በወረቀት ጽፎ፣ በክር አስሮ እዚያ ይከተዋል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሉት «የቻይና ሻንጣዬ» ይላል።