በጓሳ የሚጮኸው ማን ነው?

መንዝ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው ውርጫማ ምድር፣ የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ይገኛል። ጭላዳ ሣር ሲነቅል ይውላል፤ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድናል፤ ከዳር ከዳር የመንዝ በግ፣ እረኛና ውሻ አሉ። የአካባቢው ሰው ጓሳውን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ለዓመታት እየዘጋ፣ ቀን ቆርጦ እየከፈተ ጠብቆታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም፣ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቆመው።

ሰው ለጓሳ እንግዳ አይደለም። የሰውን ድምፅ ከዱሩ ለይቶ መለካት እዚህ የሚከብደውም ለዚህ ነው።

የዱርን ድምፅ በመቅጃ የመለካት ዘዴ በሌላው ዓለም የተለመደ ነው። መዳፍ የምታክል መቅጃ እንጨት ላይ ታስራ በየጥቂት ደቂቃው ትቀዳለች፤ የተጠራቀመውን ሁሉ ሰው ተቀምጦ ሊያዳምጠው ስለማይችል ኮምፒውተር በወፍራምና በቀጭን ድምፅ ይከፋፍለዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት መለኪያ ከ1,000 እስከ 2,000 ሄርትዝ ያለውን በአብዛኛው የሰውና የማሽን፣ ከ2,000 እስከ 8,000 ያለውን የእንስሳት ብሎ ይወስዳል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ከ-1 እስከ +1 የሚደርስ ቁጥር ይወጣል። ወደ +1 የተጠጋ ሥፍራ ዱሩ የሚሰማበት ነው ይባላል።

ይህ ስሌት ብቻውን ለጓሳ አይበቃም። የእረኛ ፉጨት 2,000 ሄርትዝን ካለፈ የዱር ድምፅ ሆኖ ይቆጠራል። የርግብ ድምፅ ግን ከ1,000 በታች ስለሚወርድ ጨርሶ አይቆጠርም፤ ከጭላዳ ማጉረምረምም ብዙው በዚያው መንገድ ይቀራል። የደጋው ንፋስ ከሰው ወገን ይደመራል፤ ዝናብ ደግሞ የእንስሳቱን ቁጥር ያሳብጣል። የበግ ጩኸትስ የማን ነው? የቤት እንስሳ ነው፤ ስሌቱ ግን በጉን ከወፍ አይለይም።

ከሁሉ የሚያሳስበው የውሻ ጩኸት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ሲሆኑ፣ የእብድ ውሻ በሽታ የሚደርሳቸው በዋናነት ከቤት ውሾች ነው፤ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። የመኪና ድምፅ ያልፋል። ሌሊት ጓሳው መሐል የሚጮህ ውሻ ግን በሽታ ይዞ ሊሆን ይችላል። አንድ ድምር ቁጥር ሁለቱን አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል።

መፍትሔው መቅጃውን መተው አይደለም፤ መቅጃው ሰው በማይደርስበት ሌሊትና ጉም ውስጥ ይሠራል። ግን ኮምፒውተሩ ከመቁጠሩ በፊት የጓሳ ጠባቂዎችና እረኞች የተቀዳውን አዳምጠው ይህ ቀበሮ፣ ይህ ውሻ፣ ይህ ንፋስ እያሉ ምልክት ሊያደርጉበት ይገባል። በመንዝ መቅጃ የሚተክል ተቋም ሁሉ ይህን ሥራ ከጅምሩ በዕቅዱ ያስገባ፤ ለሚያዳምጡትም ተገቢውን ክፍያ ይመድብ።