ጫት፣ ጉንጭና መንጋጋ፦ የሕክምና ጥናቶች ምን ይላሉ?

ጅቡቲ ጫት አታበቅልም። ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች የሚቆረጠው ቅጠል ሳይጠወልግ በየዕለቱ ድንበር ይሻገራል፤ ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉን ያጣልና። ከቀትር በኋላ በሃያብለም ሆነ በሌሎች የጅቡቲ ከተማ ሰፈሮች ቃሚዎች ቅጠሉን በአንድ ጉንጫቸው ይዘው ለሰዓታት ይቆያሉ።

ተመራማሪዎች የሚመለከቱትም ይህንኑ ጉንጭ ነው።

ነጩ ምልክት

እአአ በ2004 የታተመ አንድ ጥናት 2,500 የመናውያንን መርምሮ ነበር። ከቃሚዎቹ መካከል 22 በመቶ በሚሆኑት አፍ ውስጥ፣ ቅጠሉ በሚቀመጥበት ቦታ፣ የጠጠረ ነጭ ምልክት ተገኝቷል። ይህ በራሱ ካንሰር አይደለም። የአፍ ሽፋን ለዘወትር መፋተግና ጉዳት የሚሰጠው ምላሽ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እአአ በ2001 ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦፍ ካንሰር ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ በቃሚዎች የጉንጭ ሕዋሳት ላይ የዘረመል ጉዳት ምልክቶችን አግኝቷል። ሲጋራና አልኮል ሲታከሉበት ጉዳቱ ጨምሯል።

ታዲያ ጫት የአፍ ካንሰር ያመጣል? ማስረጃው ቁርጥ ያለ አይደለም። ብዙ ቃሚዎች ሲጋራም ስለሚያጨሱ የአንዱን ጉዳት ከሌላው መለየት አዳጋች ነው። የትምባሆና የአልኮል አደጋ ግን አያከራክርም።

ጊዜ ለምን ይወስናል?

በሕንድ ሙምባይ የሚገኘው የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሞች እአአ በ2015 ያሳተሙት ጥናት ገና በጅምሩ ላይ ባለ የአፍ ካንሰር የተያዙ 500 ታማሚዎችን አነጻጽሯል። ካንሰሩና የአንገት ንፍፊቶቻቸው በአንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ከወጡላቸው ታማሚዎች መካከል 80 በመቶዎቹ ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ንፍፊቶቹ የወጡት ሕመሙ አንገት ላይ ከታየ በኋላ ብቻ ከሆነው ታማሚዎች ግን በሕይወት የቆዩት 67.5 በመቶዎቹ ናቸው።

ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ከገባ ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል። ሐኪሞች የመንጋጋውን ክፍል ቆርጠው ካወጡ በኋላ ከእግር ቅልጥም ቀጭኑን አጥንት ከነደም ሥሩ ወስደው መንጋጋውን መልሰው ይሠራሉ። ሥራው ረጅም ሰዓትና በማይክሮስኮፕ የሚታገዝ ልዩ ሙያ ይጠይቃል። ይህ አገልግሎት በማይገኝባቸው ቦታዎች ላሉ ታማሚዎች መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ የበለጠ ከባድ ነው።

መቼ ሐኪም ማየት ይገባል?

ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ የማይጠፋ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ የከንፈር መደንዘዝ፣ አፍ እንደ ልብ አለመከፈት፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ ወይም የአንገት እብጠት የታየበት ሰው ሕመም ባይሰማው እንኳ የጥርስ ወይም የአፍና መንጋጋ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። ካንሰር መሆን አለመሆኑ የሚረጋገጠው ከቦታው ትንሽ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ናሙናውን ለመውሰድ ቦታውን ማደንዘዝ ብቻ ይበቃል፤ ብዙውን ጊዜም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።