«የማን ልጅ ነው?» ብቻውን አይበቃም

ዕጩ ሲቀርብ ደብረ ማርቆስም ሆነ ደጀን ቀድሞ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነው? አገሩስ የት ነው?» ነው። ይህ አላዋቂነት አይደለም። የፓርቲዎችን ፕሮግራም አንብቦ ማወዳደር ሲከብድ፣ ትውልድ፣ ሃይማኖትና ቤተሰብ ለመራጩ ዕጩውን መመዘኛ አቋራጭ ይሆኑለታል።

ልማዱ ታሪክም አለው። በ1950 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ሲካሄድ ፓርቲ አልነበረም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዕጩው በምርጫ ወረዳው ነዋሪና ባለንብረት እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ስለዚህ ለውድድር የሚቀርበው የሰውየው ማንነት ነበር። ያም ሆኖ በዚያው ምርጫ በመምህርነታቸው የታወቁት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው ምክር ቤት ገብተዋል። መራጭ ከለመደው ማንነት ውጭም መምረጥ ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው ማንነት ሥራን ሲሸፍን ነው። የወንዛችን ልጅ መሆኑ ብቻውን ማዳበሪያ በወቅቱ አያደርስም። የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑን፣ አመኔታ ሲያጣም መራጩ ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል።

እናም ወገኖቼ፣ ከትውልዱ ቀጥሎ እነዚህን ጠይቁ፦
• እስካሁን ለሕዝብ ምን ሠራ?
• ለማዳበሪያና ለመንገድ ችግር ምን ሐሳብ አለው?
• ከተመረጠ በኋላ የትና መቼ እናገኘዋለን?

በግልጽ ለሚመልስ ድምፃችሁን ስጡ።