«ስምንት ኮር» ስንት ኮር ነው?

የሕግ ሰው ስለ ኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል፡፡ ያገባኛል! «ኮር ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2015 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሷልና፡፡ ከሳሾቹ ኤኤምዲ «ስምንት ኮር» ብሎ የሸጠላቸው ኤፍኤክስ ፕሮሰሰር እውነተኛ ስምንት አይደለም ሲሉ ተሟገቱ፡፡ ኩባንያው በ2019 ጥፋተኛነቱን ሳያምን 12.1 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማና ነገሩ በዕርቅ ተዘጋ፡፡ ለእኔ ቢጤው የሚያስቆጨው፣ የቃሉ ትርጉም ሳይበየን መቅረቱ ነው፡፡

ነገሩን ወደ ማዕድ ቤት ልውሰደው፡፡ ኮርን እንደ አንዲት ወጥ ሠሪ ቁጠሩት፡፡ ሽንኩርቱ እስኪበስል ቆማ ትጠብቃለች፡፡ ፕሮሰሰርም የጠየቀው መረጃ ከሜሞሪ እስኪደርስለት ድረስ ብዙ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፡፡ ኢንቴል በ2002 ለገበያ ያቀረበው ሃይፐር ትሬዲንግ ለዚህችው ሴት ሁለተኛ ድስት መጣድ ነው፡፡ አንዱ እስኪበስል ሌላውን ታማስላለች፡፡ ዊንዶውስ ታዲያ ድስቶቹን ቆጥሮ ሁለት ሠራተኛ እንዳለ ያህል ይመዘግባል፡፡ ሴትዮዋ ግን አንድ ናት፡፡ ሁለቱም ድስቶች እኩል መማሰል በፈለጉ ጊዜ ትርፉ ይጠፋል፤ አንዳንዴም መጨናነቁ ሥራውን ጭራሽ ያዘገየዋል፡፡

ኤኤምዲ በ2011 ያወጣው ቡልዶዘር የተሰኘ አሠራር ከዚህ ይለያል፡፡ ሁለት ሴቶች በአንድ ክፍል ገቡ፡፡ ለየራሳቸው ምድጃ አላቸው፣ ምጣዱ ግን አንድ ነው፡፡ ምድጃው የሙሉ ቁጥር ስሌት ሲሆን ምጣዱ የነጥብ ቁጥር ስሌት ነው፡፡ ትዕዛዝ የሚያቀብላቸውም አንድ ሰው ነው፡፡ ክፍሎቹ አራት፣ ሴቶቹ ስምንት፣ ምጣዶቹ አራት! ወጥ ብቻ ሲሠራ ስምንትነታቸው ያስኬዳል፤ እንጀራ ሲጋገር ግን ወረፋ አለ፡፡ ዊንዶውስ 7 ይህን አቀማመጥ ስለማያውቅ ሌላው ክፍል ባዶ ሆኖ ሳለ ሁለት ሥራ አንድ ክፍል ውስጥ ያጭቅ ነበር፡፡ ማይክሮሶፍት በ2012 ማስተካከያ ማውጣት ግድ ሆነበት፡፡ እኔ ዳኛ ብሆን ወደ ከሳሾቹ አዘነብል ነበር፡፡ ገዢ ቃልን የሚረዳው በተለምዶ ትርጉሙ ነውና፡፡

ክርክሩ ቢዘጋም ቁጥሩ ይበልጥ ተወሳስቧል፡፡ ኢንቴል በ2021 ባወጣው ኮር አይ9-12900ኬ ውስጥ 16 ኮሮች አሉ፡፡ 8ቱ ጉልበተኞች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ሁለት ድስት ይይዛሉ፡፡ ሌሎቹ 8 ትንንሽና ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ናቸው፣ አንድ አንድ ድስት ብቻ፡፡ ድምሩ 24 ይሆናል፤ የ24 ሰው ጉልበት ግን አይደለም፡፡

እንግዲህ በጨረታ ሰነድ ላይ «8 ኮር» ብሎ ጽፎ ማለፍ ለሻጭ በር መክፈት ነው፡፡ የፕሮሰሰሩ ሞዴል በስሙ ይጻፍ፡፡ ሥራውም ይታይ፡፡ ጂን አምዳል በ1967 እንዳመለከተው፣ የሥራው ግማሽ ተከፋፍሎ የማይሠራ ከሆነ ሺህ ኮር ቢደረደር ፍጥነቱ እጥፍ እንኳ አይሞላም፡፡ ደብዳቤ ለሚጽፍ ጸሐፊ ጥቂት ፈጣን ኮሮች ይበቃሉ፤ ብዛቱ የሚጠቅመው ቪዲዮ ለሚያቀናብረው ነው፡፡ ሃይፐር ትሬዲንጉንም በባዮስ ገብቶ ከማጥፋት በፊት በራስ ሥራ ላይ ሰዓት ይዞ መለካት ይሻላል፡፡

ያላችሁን ለማወቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቱ፡፡ የኮሩ ቁጥርና የሎጂካል ፕሮሰሰሩ ቁጥር ለየብቻ ተጽፈዋል፡፡ ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ ከሆነ ድስቱ ሁለት ሁለት ነው፤ እኩል ከሆኑ አንድ አንድ ነው፤ በመካከል ከሆነ ደግሞ ኮሮቹ ቅይጥ ናቸው፡፡