ካሜራችን አልተበላሸም፤ ድንጋዩ ነው

ባለፈው ሰኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስንሸኝ የሚኒ ሚዲያችን ካሜራ ሦስት ፎቶ አንስቶ ድርግም እንዳለ ታስታውሳላችሁ። ከሦስቱ አንዱ ላይ ደግሞ ግማሾቹ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ልጆቹ አሁን ተበትነዋል፤ አንዳንዶቹ ሞጣ ዘመድ ጋ ሆነው ነው የሚማሩት። ያን ፎቶ ድጋሚ ማንሳት አይቻልም። ድንጋዩን የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ያለብኝም እኔ ነኝ።

ካሜራው አጎቴ ከሞጣ ይዞልን የመጣ ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ነው። የግድግዳ ሰዓት የሚጎርሰውን ዓይነት ትንሽ ድንጋይ ሁለት ይጎርሳል። በተዋጣው ብር «ሄቪ ዱቲ» የሚል ገዛሁ። ከባድ ሥራ የሚችል ማለት ነው ብዬ በእንግሊዝኛዬ ኮርቼ! አዲስ ነበር፣ ማሸጊያውን የቀደድኩት ራሴ ነኝ። ካሜራው ግን ሌንሱን እንኳ ሳይመልስ ጠፋ። ሁላችንም ተበላሽቷል አልን፤ ይጣል ያለም ነበር።

ቤት ስገባ አያቴ «ፀሐይ ላይ አስጣው ልጄ» አለችኝ። አሰጣሁት፣ አንድ ፎቶ ጨመረ። በኋላ ተናድጄ አንዱን ድንጋይ የቆመው የግድግዳ ሰዓታችን ውስጥ ከተትኩት። ሰዓቱ ይኸው እስከ ዛሬ ይሄዳል! ታዲያ ድንጋዩ ካላለቀ ካሜራው ለምን ጠፋ? የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅሁ።

ሰዓት የሚፈልገው ኃይል በጣም ትንሽ ነው። ካሜራ ግን ሌንስ ያወጣል፣ ስክሪን ያበራል፣ ፍላሽ ይሞላል፤ ይሄን ሁሉ ባንዴ። አንገቱ የጠበበ ጄሪካን አስቡ። ውኃው ሞልቷል፤ ግን ቤት እየተቃጠለ ቢሆን በዚያች አንገት ምን ያህል ይወርዳል? ርካሹ ድንጋይ ዚንክ ካርቦን ይባላል፤ በውስጡ ያለው ሬዚስታንስ ትልቅ ነው። ብዙ ሲጠየቅ ቮልቱ ይወርድበታል፣ ካሜራውም «አለቀ» ብሎ ይዘጋል። «ሄቪ ዱቲ» የሚባሉትም ይኸው ዚንክ ካርቦን ናቸው እኮ! ፀሐይም ቻርጅ አታደርገውም፤ ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ኬሚካል ትንሽ ያፈጥነዋል እንጂ። ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። ስለዚህ በጠዋት ፎቶ የምታነሱ ድንጋዩን ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት።

እንዴት እንለየው? ስሙን ትታችሁ ልባሱ ላይ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ። «አር6» ብቻ ካለ ዚንክ ካርቦን ነው፣ ለሰዓትና ለሪሞት ይሁን። «ኤልአር6» ካለ አልካላይን ነው፤ ካሜራውን ያንቀሳቅሳል፣ ግን ካለቀ አለቀ ነው። «ኤችአር6» ካለ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። ይሄኛው 1.2 ቮልት ነው፤ ሌሎቹ 1.5 ናቸው። እኔም ያነሰው እንዴት ይሻላል ብዬ ተከራክሬ ነበር። ነገሩ 1.5 የሚለው ሥራ ላይ ሲሆን እየወረደ ይሄዳል፣ 1.2 የሚለው ግን እስኪያልቅ ድረስ ብዙም አይወርድም። ቁመቱ ተመሳሳይ ሆኖ 3.7 ቮልት የሚል ካያችሁ ግን እንዳታስገቡት፤ ካሜራውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ቻርጅ የሚደረገውን ቢቸና ጠይቄ አጣሁ። አጎቴ ከባሕር ዳር 2000 ኤምኤኤች የሚሉ አራት ድንጋዮች ከነቻርጀራቸው አስመጣልን። ሁለቱ ካሜራው ውስጥ፣ ሁለቱ በተጠንቀቅ። መብራት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ከዝግጅቱ በፊት ባለው ቀን ሳይሆን ከሁለት ቀን በፊት ይሞላሉ። ተራውን ድንጋይ ቻርጀር ላይ መሰካት ግን ክልክል ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል። አዲስና አሮጌም አይቀላቀልም። የካሜራው ሜኑ ላይ የድንጋይ ዓይነት የሚመረጥበት ቦታ ካለ ትክክለኛውን ምረጡ፤ እኛ ለወራት አላየነውም ነበር!

ከርዕሱ ልውጣና፣ ጥቁር ሰሌዳ ለመቀባት ድንጋይ ስንሰብር የምናገኘው ጥቁር ዱቄት የዚንክ ካርቦኑ ነው። አልካላይን እንዳትሰብሩ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

ባለፈው ቅዳሜ በአዲሶቹ ድንጋዮች የእግር ኳስ ጨዋታውን በሙሉ አነሳን፤ ፍላሽ አጥፍተን ነው፣ በቀን ብርሃን ምን ያደርጋል? ካሜራው አንዴም አልጠፋም። ክረምት ሲመጣ ድንጋዮቹ ከካሜራው ወጥተው ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ ፈሰው እንዳያበላሹት። የዘንድሮ ስምንተኛ ክፍሎች ፎቶ ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ሁለት ሁለት ጊዜ እናነሳችኋለን።